ከአጽናፈ ዓለሙ ጅማሬ በፊት ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ አርካይቭ ምን ይሰጣል? የአገልግሎት ግምገማ

አርካይቭ ተመራማሪዎች ጽሑፎቻቸውን በሳይንስ መጽሔት ከማሳተማቸው በፊት ወይም ከዚያው ጎን ለጎን ለማንኛውም አንባቢ ያለ ክፍያ የሚያቀርቡበት የበይነ መረብ ማኅደር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፖል ጊንስፓርግ በኦገስት 1991 በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲያቋቁመው ለተወሰኑ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ባለሙያዎች ጽሑፍ በኢሜይል የሚያዳርስ አነስተኛ ሥርዓት ነበር። በ2001 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ዛሬ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን ይዟል። በዚህ ግምገማ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ማኅደሩ በጠቅላላው ለመናገር አልነሣሁም፤ አንድ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ፣ በሙያው ፊዚሲስት ላልሆነ አንባቢ ምን እንደሚጠቅም ብቻ እመዝናለሁ። ጥያቄውም ከአጽናፈ ዓለሙ ጅማሬ በፊት ምን ነበር፣ የነበረ ነገር ካለስ እንዴት ሊታወቅ ይችላል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው መልስ አያጣም፤ የሚቸግረው የመልሱ መብዛት ነው። አንዱ ሊቅ ጊዜ ራሱ ከአጽናፈ ዓለሙ ጋር ስለጀመረ ስለ «በፊት» መጠየቅ አይቻልም ይላል፤ ሌላው ከእኛ በፊት ሌላ አጽናፈ ዓለም ነበር፣ የእኛም የእርሱ ተከታይ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ሁሉም ነገር ከምንም ተገኘ ይላል። ሁሉም በተመሳሳይ እርግጠኝነት ስለሚናገሩ አድማጩ የትኛው በምልከታ የተረጋገጠ፣ የትኛው በስሌት ብቻ የተደገፈ፣ የትኛው ደግሞ ገና ሐሳብ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ አያገኝም። ለዚህ ጥያቄ አርካይቭን ከሌሎች ምንጮች ሁሉ የማስበልጠው የመጨረሻውን መልስ ስለያዘ አይደለም። እያንዳንዱን መልስ ከነተቃውሞው፣ ከነቀኑና ከነእርማቱ አንድ ቦታ ስለሚያስቀምጥ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለአንባቢ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ አላውቅም።

የተረጋገጠው እውቀት የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት በቁጥር 1807.06209 የተመዘገበውን ጽሑፍ መክፈት በቂ ነው። ፕላንክ በተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት መረጃ ላይ የሠራው ቡድን በ2018 ያወጣው ይህ ጽሑፍ የአጽናፈ ዓለሙን ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል አድርጎ ያሰላል። ስሌቱ የተመሠረተው መስፋፋቱ ከጀመረ ከ380,000 ዓመት ያህል በኋላ በተለቀቀው ጥንታዊ ጨረራ ላይ ነው፤ ጨረራው ዛሬም ከሰማይ በሁሉም አቅጣጫ ይደርሰናል፣ ሙቀቱም ከፍጹም ዜሮ በ2.7 ዲግሪ ብቻ ይበልጣል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ የሃይድሮጅን፣ የሂሊየምና የሌሎች ቀላል ንጥረ ነገሮች መጠን የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሁኔታ ይነግረናል። ከዚያም አልፎ ሲኬድ ስበትን የሚገልጹት የአይንስታይን የአንጻራዊነት ቀመሮች እፍጋቱንም ሙቀቱንም ወሰን የሌለው ያደርጉታል። ይህ ውጤት ቀመሮቹ ከዚህ ወዲያ እንደማይሠሩ ያመለክታል እንጂ በዚያ ነጥብ ላይ የነገር ሁሉ መነሻ እንዳለ አያረጋግጥም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ታላቁ ፍንዳታ የሚባለው ንድፈ ሐሳብ የሚገልጸው አጽናፈ ዓለሙ ከእጅግ ሞቃትና እፍግ ሁኔታ እንዴት እየሰፋ እንደመጣ እንጂ ያ ሁኔታ ራሱ ከየት እንደመጣ አይደለም። ስበትንና የእጅግ ጥቃቅን ነገሮችን ባሕርይ የሚገልጸውን ኳንተም ፊዚክስን አንድ ላይ የሚያስረዳ በምልከታ የተረጋገጠ ንድፈ ሐሳብ እስካሁን ስለሌለ፣ ስለ «በፊት» የሚጻፍ ሁሉ ከዚህ መስመር ማዶ የሚጻፍ ነው።

አገልግሎቱን መጠቀም ቀላል ነው። መመዝገብ አያስፈልግም፤ በመፈለጊያው ሳጥን የጸሐፊ ስም ወይም የጽሑፍ ቁጥር ማስገባት ይበቃል። ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልጉት ጽሑፎች በአብዛኛው በሦስት ክፍሎች ይገኛሉ፦ አንጻራዊነትና ኳንተም ስበት በሚለው፣ የንድፈ ሐሳብ የቅንጣት ፊዚክስ በሚለውና በሥነ ፈለክ ፊዚክስ። የእያንዳንዱ ጽሑፍ ገጽ መጀመሪያ አጽሕሮቱን፣ ቀጥሎም ጽሑፉ የቀረበበትንና የታረመበትን ቀን ሁሉ ያሳያል፤ በየትኛው መጽሔት እንደታተመ ጸሐፊዎቹ ከሞሉት ይህም ይታያል። ጽሑፉን እነማን እንደጠቀሱት ወደሚያሳዩ ሌሎች የፍለጋ አገልግሎቶች የሚወስዱ ማያያዣዎችም አሉ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ብዙ አዳዲስ ጽሑፎች ከፒዲኤፍ በተጨማሪ በስልክ ላይ በምቾት በሚነበብ ቅርጽ ቀርበዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ትልቁን ዋጋ የሚሰጠው የእርማቱ መዝገብ ነው። አርቪንድ ቦርድ፣ አለን ጉት እና አሌክሳንደር ቪሌንኪን በኦክቶበር 2001 ያቀረቡት አጭር ጽሑፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ጉት በ1981 አጽናፈ ዓለሙ በመጀመሪያዋ ቅጽበት እጅግ በፍጥነት ሰፍቷል የሚለውን የኢንፍሌሽን ንድፈ ሐሳብ ያቀረበው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ኢንፍሌሽን አንዴ ከጀመረ ወደፊት በአንዳንድ አካባቢዎች ለዘላለም ሊቀጥል እንደሚችል ሲታወቅ፣ ወደ ኋላስ ለዘላለም ኖሮ ሊሆን አይችልም ወይ፣ እንዲህ ከሆነስ መጀመሪያ የሚባል ነገር አያስፈልግም ማለት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሦስቱ ሊቃውንት ያረጋገጡት በአማካይ እየሰፋ የኖረ ጠፈርና ጊዜ በሙሉ ወደ ኋላ ያለ ገደብ ሊቀጥል እንደማይችል ነው። ማረጋገጫው የአይንስታይንን ቀመሮች እንኳ የማይጠይቅ በመሆኑ ኃይሉ ትልቅ ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ሲቀርብ ርእሱ ኢንፍሌሽን ወደ ኋላ ዘላለማዊ አይደለም ብሎ በቀጥታ ይናገር ነበር፤ በ2003 በፊዚካል ሪቪው ሌተርስ መጽሔት ሲታተም ግን በኢንፍሌሽን የሚሰፉ የጠፈርና የጊዜ ዓይነቶች በኃላፊ ጊዜ አቅጣጫ ያልተሟሉ፣ ማለትም ወደ ኋላ ያለ ገደብ የማይቀጥሉ፣ መሆናቸውን ብቻ ወደሚል ጥንቁቅ ርእስ ተለውጧል።

ይህ ለውጥ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ጸሐፊዎችና ተከራካሪዎች ይህን ማረጋገጫ አጽናፈ ዓለሙ ፍጹም መጀመሪያ እንዳለው የሳይንስ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። ጽሑፉን ራሱን ያነበበ ሰው ግን የሚናገረው ከዚያ ያነሰ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ መሆኑን ያያል። ኢንፍሌሽን ብቻውን የታሪኩ ሙሉ መግለጫ ሊሆን አይችልም፤ ወደ ኋላ ስንሄድ ሌላ ዓይነት ፊዚክስ የሚጠይቅ ወሰን ላይ እንደርሳለን ነው የሚለው። በዚያ ወሰን ማዶ ምን እንዳለ አይናገርም። እየተሰበሰበ የመጣ ወይም በአማካይ ያልሰፋ ታሪክ ላለው አጽናፈ ዓለምም ማረጋገጫው አይሠራም፤ በዚያው በ2001 አንቶኒ አጊሬ እና ስቲቨን ግራተን መጀመሪያ የማያስፈልገው ኢንፍሌሽን እንዴት ሊኖር እንደሚችል የሚያሳይ አማራጭ በዚሁ ማኅደር አቅርበዋል። ሁለቱን ጽሑፎች ተከታትሎ ያነበበ ሰው ጉዳዩን በሌላ ሰው አፍ ከሰማው ይልቅ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይረዳዋል።

የማኅደሩ ሁለተኛ ብርታት የክርክሩ ፍጥነት ነው። በኖቬምበር 2010 ቫሄ ጉርዛድያን እና ሮጀር ፔንሮዝ በቁጥር 1011.3706 ያቀረቡት ጽሑፍ ከታላቁ ፍንዳታ በፊት የተከሰተ ነገር አሻራ አግኝተናል የሚል ነበር። ፔንሮዝ አጽናፈ ዓለም በዘመናት የተከፋፈለ ነው፤ የአንዱ ዘመን እጅግ የራቀ፣ ቀዝቃዛና ባዶ ፍጻሜ የቀጣዩ ዘመን ታላቅ ፍንዳታ ይሆናል የሚል ሐሳብ አለው። በቀደመው ዘመን ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ሲጋጩ የተነሣው ሞገድ በእኛ ዘመን ጥንታዊ ጨረራ ላይ አንድ ማዕከል ያላቸው ክቦችን ትቶ እንዳለፈ፣ እነዚህንም ክቦች ደብልዩማፕ የተባለችው ሳተላይት በሰበሰበችው መረጃ ውስጥ እንዳዩ ሁለቱ ጻፉ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በቀጣዩ ወር፣ በዲሴምበር፣ ሦስት የተለያዩ ወገኖች መልሳቸውን በማኅደሩ አኖሩ፦ ኢንጉን ዌሁስ እና ሃንስ ክርስቲያን ኤሪክሰን፤ አዳም ሞስ፣ ዳግላስ ስኮት እና ጄምስ ዚቢን፤ እንዲሁም አሚር ሃጂያን። ሦስቱም ለየብቻቸው መረጃውን መርምረው ክቦቹ መኖራቸውን ሳይክዱ፣ በተለመደው ሞዴል መሠረት በኮምፒውተር በተፈጠሩ ሰማያት ላይም ተመሳሳይ ክቦች በተመሳሳይ ብዛት እንደሚገኙ አሳዩ። ስለዚህ ክቦቹ ስለ ቀደመ ዘመን የሚነግሩን ነገር የለም ማለት ነው።

ጉርዛድያንና ፔንሮዝ በዚያው ወር መልስ ሰጡ። ፔንሮዝ በ2018 ከዳንኤል አን፣ ከክሽሽቶፍ ማይስነር እና ከፓቬል ኑሮቭስኪ ጋር ሆኖ በሰማዩ ላይ ሌላ ዓይነት አሻራ አለ የሚል ጽሑፍ በቁጥር 1808.01740 አቀረበ፤ ዲላን ጆው እና ዳግላስ ስኮት ግን መረጃውን እንደገና መርምረው በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው ማስረጃ እንዳላገኙ ጻፉ። ይህን ተከታታይ ንባብ ለማንኛውም ጠያቂ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ቀመሮቹን ሙሉ በሙሉ ባይረዳ እንኳ «በፊት» ስለነበረው ነገር የሚነገር ነገር እንዴት ለፈተና እንደሚቀርብና እንዴት እንደሚወድቅ በዓይኑ ያያል። የፔንሮዝ ሐሳብ ራሱ ሐሰት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ የቀረበለት ማስረጃ ግን አልቆመም። በዜና ብቻ የሚከታተል ሰው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሰምቶ መልሶቹን ሳይሰማ ይቀራል፤ በማኅደሩ ግን ሁሉም በቀናቸው ተደርድረው ይገኛሉ።

እስካሁን እልባት ያላገኘ ክርክር ማየት የሚፈልግ ደግሞ የ2017ቱን ጽሑፎች ይክፈት። ጄምስ ሃርትል እና ስቲቨን ሆኪንግ በ1983 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት በመጀመሪያው ላይ ጊዜ የጠፈርን ባሕርይ ስለሚይዝ ጠርዝ የለውም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በፊት ምን ነበር ብሎ መጠየቅ፣ ሆኪንግ ራሱ ይል እንደነበረው፣ ከደቡብ ዋልታ በስተደቡብ ምን አለ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። በሜይ 2017 ዮብ ፌልድብሩገ፣ ዣን ሉክ ሌነርስ እና ኒል ቱሮክ በቁጥር 1705.00192 ባቀረቡት ጽሑፍ ስሌቱን በተለየ የሒሳብ ዘዴ ሠርተው፣ በእንዲህ ያለ ጅማሬ ውስጥ ትንንሽ መዛባቶች ሳይገቱ እያደጉ እንደሚሄዱና የእኛን የመሰለ ልሙጥ አጽናፈ ዓለም ሊያስገኝ እንደማይችል ተከራከሩ። ቱሮክ ቀደም ሲል ከሆኪንግ ጋር አብሮ የሠራ ሰው ነው። ሃርትል፣ ጆናታን ሃሊዌል፣ ቶማስ ኸርቶግ እና ባልደረቦቻቸው በዚያው ወር መልስ አቀረቡ፤ በኦገስት የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች እንደገና መለሱ። ልዩነታቸው ያረፈው ኳንተም ስሌቱ በየትኞቹ መንገዶች ላይ መደመር አለበት በሚል ጥልቅ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ነው። አብዛኛው አንባቢ፣ እኔንም ጨምሮ፣ የዚህን ክርክር ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ሊከታተል አይችልም፤ ነገር ግን «ጊዜ ስላልነበረ በፊት የሚባል ነገር የለም» የሚለው ዝነኛ መልስ ራሱ ገና በክርክር ላይ ያለ ሐሳብ መሆኑን ማወቅ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ሌሎቹን አማራጮች ባጭሩ ልጥቀስ። ማውሪዚዮ ጋስፔሪኒ እና ገብርኤሌ ቬኔዚያኖ ቅንጣቶች በመሠረቱ የሚርገበገቡ ጥቃቅን ክሮች ናቸው ከሚለው ከስትሪንግ ቲዎሪ ተነሥተው ከታላቁ ፍንዳታ በፊት ስለነበረ ረጅም ዘመን በ1992 ጻፉ። ጀስቲን ኩሪ፣ በርት ኦቭሩት፣ ፖል ስታይንሃርት እና ቱሮክ በ2001 ታላቁ ፍንዳታ ከለመድናቸው ከሦስቱ የጠፈር አቅጣጫዎች ሌላ በሆነ ተጨማሪ አቅጣጫ (ዳይሜንሽን) ውስጥ ያሉ ብሬን የሚባሉ ገጾች ግጭት ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አባይ አሽቴካር፣ ቶማሽ ፓቭሎቭስኪ እና ፓራምፕሪት ሲንግ በ2006 ጠፈር ራሱ ከጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው በሚለው በሉፕ ኳንተም ስበት ንድፈ ሐሳብ መሠረት እየተሰበሰበ የመጣ አጽናፈ ዓለም ወሰን ወደሌለው እፍጋት ሳይደርስ ተመልሶ እንደሚነጥር አሰሉ። ላተም ቦይል፣ ኪራን ፊን እና ቱሮክ በ2018 ከታላቁ ፍንዳታ በፊት ያለው ዘመን የእኛው ዘመን የተገለበጠ ምስል ነው የሚል ጽሑፍ አቀረቡ። ከእነዚህ አንዱም በምልከታ አልተረጋገጠም፤ ጥሩዎቹ ጽሑፎች ግን ሐሳባቸው በምን ዓይነት ምልከታ ሊፈተን እንደሚችል ይናገራሉ፣ አንባቢም መጀመሪያ ሊፈልግ የሚገባው ይህን ክፍል ይመስለኛል። ለፍልስፍናው ለሚያደላ ሰው ሾን ካሮል በ2018 በቁጥር 1802.02231 ያቀረበው ጽሑፍ አለ፤ ከምንም ይልቅ ነገር ለምን ኖረ የሚለውን ጥያቄ መርምሮ፣ አጽናፈ ዓለሙ ያለ ውጫዊ ምክንያት በቃ ያለ ሊሆን እንደሚችል ይከራከራል። በድምዳሜው አልስማማም፤ ማብራሪያ የሆነ ቦታ መቆም አለበት ማለት እዚህ ላይ ይቆማል ማለት አይደለምና። ይሁን እንጂ አጻጻፉ ጥርት ያለ ስለሆነ ልዩነቱ የት ላይ እንዳለ አንባቢው በግልጽ ያውቃል።

ጉድለቶቹን ሳልናገር ባልፍ ግን ግምገማው ፍትሐዊ አይሆንም። የመጀመሪያው አርካይቭ ጽሑፎችን እንደ ሳይንስ መጽሔት በባለሙያ አለመገምገሙ ነው። ተቆጣጣሪዎች ጽሑፉ የምርምር መልክ ያለውና በትክክለኛው ክፍል የቀረበ መሆኑን ያያሉ፣ አዲስ ጸሐፊም የነባር ጸሐፊ ድጋፍ ሊጠየቅ ይችላል፤ ስሌቱ ትክክል ነው የሚል ማረጋገጫ ግን አይሰጥም። ስለ አጽናፈ ዓለም ጅማሬ የሚጻፈው ደግሞ በባሕርዩ ለድፍረት የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በመጽሔት ታትሞ እንደሆነና ሌሎች በምን ሁኔታ እንደጠቀሱት ሳያዩ አንዱን ጽሑፍ ብቻ ይዞ መናገር ተገቢ አይደለም። የጥቅሱ ብዛት ብቻውንም አያስተማምንም፤ ስህተቱ ለማሳያነት ተደጋግሞ የሚጠቀስ ጽሑፍም አለና።

ሁለተኛው ጉድለት የዘመን ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ከባድ ጉድለት አድርጌ የምቆጥረውም እርሱን ነው። ማኅደሩ የተከፈተው በ1991 በመሆኑ የጥያቄው መሠረት የተጣለባቸው ጽሑፎች በውስጡ የሉም። ጆርጅ ለሜትር በ1931 ስለ ጥንታዊው አቶም የጻፈው፣ ኤድዋርድ ትራየን በ1973 አጽናፈ ዓለሙ የኳንተም መዋዠቅ፣ ማለትም በባዶ ቦታ በድንገት የሚከሰት ለውጥ፣ ውጤት ሊሆን ይችላል ብሎ ያቀረበው፣ ቪሌንኪን በ1982 አጽናፈ ዓለም ጠፈርም ጊዜም ከሌለበት ሁኔታ በኳንተም ሽግግር ሊገኝ እንደሚችል ያሳየበት፣ እንዲሁም የሃርትልና የሆኪንግ የ1983 ጽሑፍ የሚገኙት በየመጽሔቶቹ ሲሆን ብዙ ጊዜም በክፍያ ነው። ጉዳቱ ከገንዘቡ ይልቃል። ቪሌንኪን ከምንም ሲል የኳንተም ሕግጋት አስቀድመው እንዳሉ ይዞ ነው፤ ጠፈርና ጊዜ ባይኖሩም ሕጉ አለ። ይህን መነሻ ግምት ሳያነብ ወደ በኋለኞቹ ጽሑፎች የሚገባ ሰው የኋለኞቹ ጸሐፊዎች እንደታወቀ ቆጥረው የሚያልፉትን ነገር ሳያስተውል ይቀራል፤ እኔ በዚህ ጉዳይ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ክፍት ጥያቄ ሕጎቹ ራሳቸው ከየት መጡ የሚለው እንደሆነ አምናለሁ፣ ያም የሚታየው በእነዚያ የመጀመሪያ ጽሑፎች ላይ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋውና ሒሳቡ ነው። ጽሑፎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው፣ የተጻፉትም ለባለሙያ ነው። መፈለጊያውም ጀማሪን አያግዝም፤ ሰፊ ቃል ያስገባ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ውጤቶች ይመጡለታል፣ የትኛው መሠረታዊ የትኛው ዝርዝር እንደሆነ የሚነግረው ግን የለም። ሆኖም አጽሕሮቱን፣ መግቢያውንና የመጨረሻውን የውይይት ክፍል ብቻ ማንበብ አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊዎቹን አቋም ለመረዳት ይበቃል፤ ጸሐፊዎች ግምቶቻቸውን የሚዘረዝሩትና ድክመታቸውን የሚያምኑት በእነዚህ ክፍሎች ነው።

ስለዚህ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ለሚፈልግ ሰው ይህን አገልግሎት አልመክረውም፤ ተማሪዎቹን ስለ ጥያቄው በጥንቃቄ ሊያስተምር ለሚሻ መምህር፣ ስለ ሳይንስ ለሚጽፍ ጋዜጠኛ፣ በእምነትና በሳይንስ ክርክር ውስጥ የሌላውን ወገን ማስረጃ በትክክል ለመጥቀስ ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ነጻ አገልግሎት አላገኘሁም። ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ቪሌንኪን ከኦድሪ ሚታኒ ጋር በ2012 ያቀረበውን፣ አጽናፈ ዓለሙ መጀመሪያ ነበረው ወይ ብሎ የሚጠይቀውን አጭር ጽሑፍ በቁጥር 1204.4658 ያንብብ። ጽሑፉ ዘላለማዊ ነው የተባለለትን ኢንፍሌሽን፣ ተመላላሽ ዑደትንና ሳይለወጥ ለዘላለም ቆይቶ በኋላ መስፋፋት የጀመረን አጽናፈ ዓለም በየተራ መርምሮ አንዳቸውም ወደ ኋላ ዘላለማዊ ሊሆኑ አይችሉም ይላል። ከዚያ የጉርዛድያንና የፔንሮዝን ጽሑፍ ከሦስቱ መልሶች ጋር፣ በመጨረሻም የ2017ቱን ክርክር ማንበብ ይቻላል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ፒዲኤፉን ከመክፈት በፊት የእርማቱን ቀኖች መመልከትና ከአንድ በላይ ቅጂ ካለ የመጨረሻውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊዎቹ ምን እንደለወጡ ብዙ ጊዜ በማስታወሻው ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።